ከቃለ ጉባኤው የተቆረጠው ገጽ

እኔ ወረቀት የማምን ሰው ነኝ። እዚህ ቴክሳስ ጋርላንድና ሜስኪት ያላችሁ የምታውቁኝ ትመሰክሩልኛላችሁ፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ እገሌ የሞተ አጎቱን መንገድ ላይ አየው፣ እገሊት ባዶ ቤት ውስጥ ኮቴ ሰማች ሲባል የኔ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ማን አየ፣ ማን ጻፈው፣ ማን ፈረመበት። ባለቤቴ ታምራት «ስንዱ መንግሥተ ሰማያት ደጃፍ ብትደርስ መልአኩን መታወቂያ ትጠይቀዋለች» እያለ ሰው ያስቅብኛል፣ ይሳቅ፣ እኔ አላፍርበትም። አሁን የማወራችሁን ነገር ሌላ ሰው አምጥቶ ቢነግረኝ ኖሮ ሻዩን አስጨርሼ በሰላም እሸኘው ነበር። የደረሰው ግን በኔ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የጻፍኩበት ደብተርም እጄ ላይ አለ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፣ ካለዚያ ነገሩ አይገባም። አምቦ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት በኃላፊነት። ዳኛ መጥቶ ዳኛ ሄዷል፣ ጣራው አፍስሷል፣ አይጥ ገብቷል፣ ከኔ መደርደሪያ ግን አንድ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም፣ ባለጉዳይ የአባቱን ስም ብቻ ነግሮኝ ዞር ብዬ መዝገቡን አውጥቼ እሰጠው ነበር። ይሄን ሳወራ ደረቴ ይነፋል፣ ይነፋ፣ በላቤ ያገኘሁት ነው። ዲቪ ደርሶን ቴክሳስ ስንመጣ ግን ማን ይጠይቀኝ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ስቲከር ስለጥፍ አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ ኢኮኖሚው ወደቀ የተባለ ሰሞን፣ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መሆኑ ነው፣ ሰዓቴን በግማሽ ቀነሱብኝና ጋርላንድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት ገብቼ የመንከባከብ ሥራ አገኘሁ።

አሮጊቷ ሚስ ዶረቲ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። ዓይናቸው መሃል መሃሉ ጠፍቶባቸው ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ የተቀጠርኩት መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ልሰጥ፣ ምሳ ላበስል፣ ሐኪም ቤት ልነዳቸው ነው። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ግን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሳህን የሚቀመጥበት ቦታ የለም፣ ዳር እስከ ዳር ካርቶን፣ በካርቶኑ ውስጥ አሮጌ መዝገብ። ሽታውን አወቅኩት። እመኑኝ፣ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አምቦም ጋርላንድም አንድ ነው።

ለካ ሴትዮዋ የካውንቲውን፣ ማለትም የወረዳውን፣ የፕሬስቢቴሪያን ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች ታሪክ እየሰበሰቡ ኖሯል፣ ያሉትን፣ የተዘጉትን፣ ከሌላ ጋር የተቀላቀሉትን፣ የተቃጠሉትን ሁሉ። ቤተ ክርስቲያኖቹን የሚመሩት ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ አለ፣ የጥምቀት መዝገብ አለ፣ የአባላት ዝርዝር አለ፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ የታሪክ ኮሚቴ ከየቦታው ያሰባሰበው። መጽሐፍ ሊያወጡ ነው፣ ሚስ ዶረቲ ደግሞ ከእንግዲህ ማንበብ አይችሉም። ሊረዷቸው የመጡ የኮሌጅ ልጆች የድሮውን ቅጥልጥል ጽሑፍ ማንበብ አቅቷቸው ትተው ሄደዋል። እኔ ምሳቸውን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል በማጉያ መነጽር የሚታገሉትን መስመር አየሁና አነበብኩላቸው።

ማጉያውን አስቀመጡ። «ይሄን ማንበብ ትችያለሽ?»

«የጸሐፊው እጅ ይንቀጠቀጣል እንጂ ጽሑፉ ደህና ነው» አልኳቸው።

«የት ተማርሽው?»

«መዝገብ ቤት።»

ከዚያ በኋላ ምሳውን ራሳቸው ማሞቅ ጀመሩ፣ ማለቴ፣ እኔን ከጠረጴዛው ማስነሳት አልፈለጉም። በሦስት ወር ውስጥ ያን ሁሉ ካርቶን ዘርግቼ ለእያንዳንዱ መዝገብ ቁጥር ሰጠሁት፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስረከበ፣ ስንት ገጽ እንዳለው የሚያሳይ ቅጽ አወጣሁለት። በየቤተ ክርስቲያኑ የነበረውን ጸሐፊ ሁሉ በእጅ ጽሑፉ ለየሁት፣ ቀለም የሚቆጥበውን፣ ሲናደድ ብዕሩን የሚጫነውን። የኮሚቴው ሰዎች መጥተው አንድ ነገር ሲጠይቁ ሚስ ዶረቲ «ስንዱን ጠይቁ» ይሉ ነበር። ሱፍ የለበሱ ሰዎች ወደኔ ዞረው ሲጠይቁኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ በዚህ አገር እንደ ሰው የተቆጠርኩት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በፖስታ አዳይነት የጨረሱ፣ በዚያው ካውንቲ የአንዲት ትንሽ የጥቁሮች ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ። ከሜስኪት ወዲያ ምሥራቅ ላይ አንድ አሮጌ የነጮች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዛሬ ለመታሰቢያ ካልሆነ አይከፈትም፣ የሳቸው ቅድመ አያት በባርነት ዘመን የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበረች፣ ባሪያዎቹን ሰገነቱ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው፣ ነጻ ሲወጡ ተሰብስበው ወጥተው የራሳቸውን መሠረቱ።

«ኮሚቴው በመዝገብ የሌለ ስም አናትምም አለኝ» አሉ። «በትሕትና ነው ያሉኝ፣ አልከፋኝም። ግን አያቴ ስትሞት ያወረሰችኝ ይቺን ቃል ብቻ ነው። እኛ ከሜዳ የበቀልን ሰዎች አይደለንም፣ ከዚያ ቤት በእግራችን የወጣን ነን ብላኛለች።»

የዚያን ቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ አወጣሁት። ሌሎች ሰዎች ሁለት ጊዜ አገላብጠውት ምንም የለም ብለዋል። እኔ ግን ሳላነብ በፊት ገጹን ነው የቆጠርኩት፣ ልማዴ ነው። ከሠላሳ አራት ወደ ሠላሳ ሰባት ይዘላል። ጣቴን በስፌቱ ውስጥ ሳስኬድ ቀጭን የወረቀት ጠርዝ ነካሁ፣ እንደ ጥፍር ስፋት፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለች።

«ይሄ አልጠፋም» አልኳቸው። «በምላጭ ተቆርጧል።»

ሚስተር ሃሮልድ ጣታቸውን ሰጡኝና እኔ ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ ብዙ ቆዩ።

ቆራጩ ገጹን ካላቃጠለው እዚያው አካባቢ ወሽቆት ይሆናል ብለን፣ በነሐሴ ወር አንድ ቅዳሜ ከሚስ ዶረቲ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነዳሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የቴክሳስ ነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ ከመንገዱ ማዶ ነው ቤቱ፣ ከፈተልኝና ሚስ ዶረቲን ኤሲ ወዳለበት ወደ ራሱ ሳሎን ይዟቸው ሄደ። እኔ ብቻዬን ገባሁ። አንድ ክፍል ነው፣ መሃል ላይ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ከበሩ በላይ ሰገነት። ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ቁም ሣጥን አወጣሁት፣ መዝሙር መጽሐፍ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የደረቀ የቀለም ብልቃጥ። መሳቢያ ሁሉ ገለበጥኩ፣ ምንጣፍ አነሳሁ። የለም። ሶ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሬን አወጣሁና «ተፈልጎ አልተገኘም» ብዬ ሪፖርቴን ልጽፍ እርሳሴን ያዝኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት እንጨት ሲንቋቋ ነው። ሙቀት ነው አልኩ፣ እንጨት በሙቀት ይንቋቋል። ከዚያ ደግሞ እንደ እርምጃ ሆነ፣ ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ አንድ፣ ቆም፣ አንድ፣ ቆም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አረማመድ። ሽኮኮ ነው አልኩ፣ እዚህ አገር ጣራ ውስጥ ሽኮኮ ይገባል። ግን በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ከሰገነቱ ሥር ያለውን አየር ቀጥ አድርጎ ያሳየኝ ነበርና፣ በሳንቃው ክፍተት አቧራ ሲወርድ አየሁ፣ በአንድ ቦታ ሳይሆን በመስመር፣ እርምጃው በደረሰበት ሁሉ እፍኝ እፍኝ እያለ። ከዚያ ወንበር ላይ የመቀመጥ ድምፅ፣ አንዱ ከተቀመጠ በኋላ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ይሄን ጊዜ እንኳ አልፈራሁም፣ እመኑኝ፣ የሚስተር ሃሮልድ ሰዎች ቦታውን ሊያዩ መጥተው ነው ብዬ አሰብኩና ደብተሬን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

ቀና ስል አንዲት አሮጊት ከኔ ማዶ፣ ከመተላለፊያው ባሻገር ተቀምጠዋል። ቡናማ ቀሚስ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተደራርቦ፣ የገለባ ባርኔጣ አጠገባቸው። ፊታቸውን፣ ግንባራቸውን አየሁ ማለት እችላለሁ፣ ዓይናቸውን ግን ዛሬ አስታውሺ ብትሉኝ አላስታውስም።

«ምን ትጽፊያለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አልተገኘም ብዬ ልጽፍ ነው እማማ።»

«ማነው ያልተገኘው?»

«ገጹ ነው። የሰገነቱ ሰዎች ስም ያለበት።»

«ገጹ ምን ያደርግልሻል» አሉ፣ «ስሙን ጻፊ።»

እኔም ጻፍኩ። ሥራዬ ነው፣ ሰው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሐና የሙሴ ልጅ። ይስሐቅ የሐና ልጅ። ፊሊስ የቄሳር ልጅ። አንድ ስም ይሉና ዝም ይላሉ፣ ከላይ አንድ ሳንቃ ይንቋቋል፣ ከዚያ ቀጣዩን ይላሉ፣ ልክ እንደ ስም ጥሪ። ስፈጥን «ቀስ በይ» ይሉኛል፣ ሳጣ ይደግሙልኛል። አሥራ ሦስት ስም ጻፍኩ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

«ሊዲያ» አሉ።

«የማን ልጅ ልበል?»

ሳንቃው አልተንቋቋም። እኔ እርሳሴን እንደያዝኩ ጠበቅኩ።

«ጻፊያት ብቻ» አሉኝ።

ጻፍኳት። ከዚያ ከኋላዬ የሚስ ዶረቲ ከዘራ ደረጃውን ሲመታ ሰማሁና ወደ በሩ ዞርኩ። መልሼ ስዞር ወንበሩ ባዶ ነው።

«ከማን ጋር ታወሪያለሽ?» አሉ ሚስ ዶረቲ። ቁልፍ ያዡ ክንዳቸውን ይዟል።

«ከሰገነቱ ከወረዱት እናት ጋር። አሁን በጓሮ ወጡ መሰለኝ።»

ቁልፍ ያዡ ሚስ ዶረቲን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ጓሮ በር የለውም» አለ። ወደ ሰገነቱ ጥግ ወሰደኝ። ደረጃ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ከወለሉ እስከ ጣራ ሳንቃ ተመትቶ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። «ደረጃውን ሲያነሱት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ» አለ። «ከዚያ ወዲህ ሰው ወጥቶበት አያውቅም።»

ያኔም ቢሆን፣ ማለቴ፣ ምክንያት እየፈለግኩ ነበር። ሙቀት ነው፣ ውሃ አልጠጣሁም፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል። ወደ ቤት ስንመለስ ሚስ ዶረቲ ከጎኔ ተቀምጠው «ስንዱ፣ ድምፅሽን ከደጅ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «እንግሊዝኛ አልነበረም። በስልክ ከባልሽ ጋር የምታወሪው ቋንቋ ነው።»

መኪናውን ከመንገድ አውጥቼ አንድ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አደረግኩና ደብተሬን ከፈትኩ። በሚስ ዶረቲ ሥራ ላይ አንድም ፊደል በአማርኛ ጽፌ አላውቅም፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ሊያነበው ይገባል። አሥራ አራቱም ስም ግን በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሑፌ፣ ልክ አምቦ ለዳኛ እንደምጽፈው። ያኔ ራሴን ጠየቅኩ። ቴክሳስ ውስጥ ማነው እኔን «ልጄ» የሚለኝ፣ እኔስ ማንን ነው «እማማ» ያልኩት?

ለኮሚቴው እንዳናቀርበው ወዲያው ተስማማን። ለሚስተር ሃሮልድ ግን መንገር አለብን አሉ ሚስ ዶረቲ፣ ሌላውን ሁሉ ሳላወራ ስሞቹን ብቻ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ድገሚው።»

«ሐና።»

«የቅድመ አያቴ ስም ነው» አሉ። «ለማንም አልነገርኩም። መዝገቡ ራሱ ሲናገር እንድሰማ ፈልጌ ነበር።»

ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቁኝም። ተነስተው ሄዱ፣ ለሁለት ሳምንት ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ያሉትን አሮጊቶች ቤት በየተራ እየዞሩ ሣጥን አስከፈቱ፣ በመጨረሻ በአንድ የሞቱ ዲያቆን ቤት፣ ከብርድ ልብስ ሥር፣ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ መዝገብ አገኙት። ይዘውት ሲመጡ እንደ ሕፃን አቅፈውታል። አንደኛው ገጽ ላይ፣ በዘመኑ ቀለም፣ ከዚያ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን በመሸኛ ደብዳቤ የተቀበሏቸው መሥራች አባላት ዝርዝር አለ።

ሚስ ዶረቲ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጡ። ሚስተር ሃሮልድ ጣታቸውን ከመዝገቡ ስም ላይ አደረጉ፣ እኔ ደብተሬን ያዝኩ። እሳቸው አንድ ያነባሉ፣ እኔ አንድ አነባለሁ። ሐና፣ ሐና። ይስሐቅ፣ ይስሐቅ። የአባት ስም መዝገቡ ላይ የለም፣ ስሙ ግን አንድ ነው፣ ቅደም ተከተሉም አንድ ነው፣ አንድም አልተዛነፈም። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሚስተር ሃሮልድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሚስ ዶረቲ ግን አላለቀሱም፣ «ገጽ ቁጥሩን መዝግቢው» አሉኝ። መዘገብኩት።

አሥራ ሦስት ላይ ገጹ አለቀ። ሊዲያ የለችም።

ኮሚቴው መዝገቡን አይቶ ያለ ክርክር ተቀበለ። መጽሐፉ ሲወጣ ስለ ተቆረጠው ገጽ አንድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ተጻፈ፣ ጠርዙን ያገኘሁት እኔ መሆኔ በስሜ፣ ከነአባቴ ስም፣ ታትሟል። የምረቃው እሑድ በሚስተር ሃሮልድ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ነጩም ጥቁሩም ሞልቶ፣ ስሞቹን እንዳነብ እኔን ጠሩኝ። የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁና አሥራ ሦስቱን አነበብኩ፣ አንድ ስም ባነበብኩ ቁጥር ከሕዝቡ መሃል የዚያ ሰው ዘር የሆነ ይነሳል፣ አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ ልጅ ልጁን አስከትሎ። ስጨርስ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነበር። ልጄ ብሌን፣ እዚህ ያደገችው፣ አማርኛዋ የሚንገዳገደው፣ መኪና ውስጥ «ማሚ፣ አንቺ እንደዚህ ኢምፖርታንት ሰው ነሽ እኔ አላውቅም ነበር» አለችኝ። ታምራት ሲነዳ በመስታወቱ አየኝና ያን ቀን እንኳ አልቀለደም።

ኦኬ፣ አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ከምረቃው በፊት ሚስ ዶረቲ «ሊዲያንስ?» ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። ኮሚቴው አይደለም፣ ማንም አልከለከለኝም፣ መድረኩ ላይ አንዲት ስም ብጨምር ማን ያውቅብኛል። ግን ማስረጃ የላትም፣ አባት የላትም፣ በሁለተኛው መዝገብ የለችም፣ እኔ ደግሞ በሕይወቴ ማስረጃ የሌለውን ነገር አስገብቼ አላውቅም ብዬ ተውኳት፣ ያኔ በዚህም ኮርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካርቶኖቹን ሁሉ ሦስት ጊዜ ፈትሻለሁ፣ የጥምቀቱን፣ የቀብሩን፣ የሌሎቹንም ቤተ ክርስቲያኖች። ከሌሎቹ ጋር ሳትወጣ ቀርታ ይሆን፣ ሞታ ይሆን፣ ሸጠዋት ይሆን፣ ወይስ ስሞቹን ያስጻፉኝ አሮጊት ራሳቸው ናቸው፣ አላውቅም። የማውቀው፣ ያን ገጽ በምላጭ የቆረጠው ሰውም ምናልባት ሥርዓት የጠበቀ መስሎት ነበር።

አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን መጋዘን እገባለሁ። አንዳንድ ቀን ከሺፍት ተመልሼ ቤቴ ደጃፍ ሞተሩን ሳጠፋ፣ መኪናው ጸጥ ሲል፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ስሙ እስኪጠራ እጁን አጣምሮ የሚጠብቅ ይመስለኛል። ቦርሳዬን ይዤ እወርዳለሁ፣ ወደኋላ ዞሬ አላይም።